ያየናት፣ ግን ያልሰማናት አፍሮዳይት

የተከበራችሁ የምሽቱ ታዳሚዎች፤ እናቶቼና አባቶቼ፤ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ከሥራ በቀጥታ፣ ራት እንኳ ሳትቀምሱ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ጥንታዊቷ የግሪኮች የፍቅር አምላክ፣ ስለ አፍሮዳይት፣ በኪነ ጥበብ በኩል እንድናገር ሲጋብዙኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ሥዕል ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ስም ሳልጠራ ያለፈ የትምህርት ዘመን የለምና። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከመካከላችሁ «ይህ ሰው በዚህ ዕድሜው ስለ ጣዖት ሊያወራን ነው እንዴ?» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄው አያስቀይመኝም። ዛሬ የማወራው ስለ አምልኮ አይደለም። ማንም ና ብሎ የማያመጣውን፣ ማንም ሂድ ብሎ የማያባርረውን፣ ፍቅር የሚባለውን ኃይል ሰዎች መልክ ለመስጠት ሲሉ በእብነ በረድ፣ በቀለምና በቃል ምን እንዳደረጉ ነው የማወራው።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ ሐውልቱ፣ ቀጥሎ ሥዕሉ፣ በመጨረሻ ግጥሙ። በዘመን ቅደም ተከተል ቢሆን ግጥሙ ነበር መቅደም የነበረበት፤ ሆን ብዬ ገልብጬዋለሁ። ለምን? ሐውልቱንና ሥዕሉን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በሳሙና መጠቅለያ፣ በውበት ሳሎን ታፔላ ላይ አይታችኋቸዋል። ግጥሙን ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። የእኔም ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቀራጺዎችና ሠዓሊዎች አፍሮዳይትን የምትታይ አደረጓት፤ ባለቅኔዎች ግን የምትናገር፣ የምትቆጣ፣ የምትስቅ፣ ለጠራትም መልስ የምትሰጥ አድርገው አቆዩልን። እኛ በዓይናችን ብቻ ስለተዋወቅናት ግማሿን ነው የምናውቃት፤ ለእኔ ደግሞ የቀረብን ግማሽ ይበልጣል።

ከሐውልቱ እንጀምር። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ጳፉ የምትባለውን ከተማ ያስታውሳል፤ ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ የቆጵሮስን ደሴት አቋርጠው ጠንቋዩን በርያሱስን ያገኙባት ከተማ ናት። ከእርሷ ብዙም በማትርቀው በአሮጌዋ ጳፉ፣ ዛሬ ኩክሊያ በተባለው መንደር፣ የአፍሮዳይት ታላቁ መቅደስ ነበረ፤ ፍርስራሹ አሁንም አለ። በዚያ መቅደስ ውስጥ ምን ዓይነት ቆንጆ ሐውልት የነበረ ይመስላችኋል? ምንም። ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ቲቶ ንጉሠ ነገሥት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ69፣ መቅደሱን ጎብኝቶ እንደነበር ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ይነግረናል፤ በዚያውም የአምላኳ ምስል የሰው መልክ እንደሌለው፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ነገር እንደሆነ፣ ምክንያቱም ግልጽ እንዳልሆነ ጽፏል። እንግዲህ የፍቅር አምላክ በራሷ ቤት፣ ተወለደችበት በተባለው ደሴት፣ ድንጋይ ነበረች! ፊት የላት፣ ጡት የላት፣ ወገብ የላት። ሰዎች ሊያዩዋት ሳይሆን ሊለምኗት ነበር የሚሄዱት።

ነገሩ የተለወጠው በክኒዶስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አቴናዊው ቀራጺ ፕራክሲቴለስ ሁለት የአፍሮዳይት ሐውልቶችን ሠርቶ ለሽያጭ አቀረበ፤ አንዷ ልብስ የለበሰች፣ ሌላዋ እርቃኗን የቆመች። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ የመምረጥ ቅድሚያ የነበራቸው የቆስ ደሴት ሰዎች ለጨዋነት ብለው የለበሰችውን ወሰዱ። የተረፈችውን በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ ላይ የነበረችው ክኒዶስ ገዛቻት። ስለ ለበሰችው ዛሬ የሚያወራ የለም፤ እርቃኗን የቆመችውን ለማየት ግን ሰዎች መርከብ እየተሳፈሩ ይጎርፉ ነበር። በኋላም ኒቆሜዲስ የተባለ ንጉሥ «ሐውልቷን ስጡኝና የከተማችሁን ዕዳ በሙሉ ልክፈልላችሁ» አላቸው፤ ዕዳውም ከባድ ነበር። የክኒዶስ ሰዎች ዕዳችንን ተሸክመን እንኖራለን ብለው መለሱት። የዛሬ ከንቲባዎች ቢሆኑ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ይህን ለእናንተ እተዋለሁ።

ያቺ ሐውልት ዛሬ የለችም፤ በኋለኛው ዘመን ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዳ በዚያ በእሳት እንደጠፋች ይነገራል። የቀሩን ሮማውያን የቀረጿቸው ግልባጮች ናቸው፤ ከእነርሱ እንደምንረዳው ገላዋን ልትታጠብ የተዘጋጀች ሴት ናት፤ በአንድ እጇ ልብሷን በውሃ እንስራው ላይ ታኖራለች፣ በሌላው ፊት ለፊቷን ትከልላለች። ልብ በሉ፤ በእጇ የምትከልለው ሰው ስላየባት ነው። ያየባት ማን ነው? እኛ ነን። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአፍሮዳይት ሐውልት ፊት የሚቆም ሰው ለማኝ መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆነ። ይህን በጊዜው የተረዱት ባለቅኔዎች ነበሩ መሰለኝ፤ የፈላስፋው የፕላቶ ናት በምትባል አንዲት አጭር ግጥም ውስጥ አፍሮዳይት ራሷ የገዛ ሐውልቷን ልታይ ባሕር ተሻግራ ወደ ክኒዶስ ትመጣለች፤ ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላም «ፕራክሲቴለስ እርቃኔን ያየኝ የት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ቀራጺው ዝም ያሰኛትን ባለቅኔው ወዲያው አናገራት!

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። እኔ ሥዕል በተማርኩበት ክፍል ጥግ ላይ አንዲት የጀሶ ቬነስ ነበረች፤ ቬነስ ማለት ሮማውያን አፍሮዳይትን የሚጠሩበት ስም ነው። አፍንጫዋ ተሸርፎ፣ ትከሻዋ በተማሪ እጅ ብዛት ጠቁሮ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም ከሰል ይዘን ፊት ለፊቷ ለመቀመጥ እንሽቀዳደም ነበር። አንድ ቀን መምህራችን አንድም ቃል ሳይናገር ሐውልቷን አዙሮ ጀርባዋን ሰጠንና «ሣሉ» ብሎ ወጣ። ከመካከላችን አንዱ «መምህር፣ ምኗን?» ብሎ ጮኸ። ያን ቀን የሣልነው በጣም መጥፎ ነበር፤ የምናውቀውን ሳይሆን የምናየውን እንድንሥል የተገደድነው ያን ጊዜ ነውና። ያ ልማድ ግን አብሮኝ ቀረ፤ ሐውልት ሳገኝ ዞሬ ጀርባውን ሳላይ አልሄድም።

ስለዚህም ፓሪስ ሄጄ ሉቭር ሙዚየም ስገባ የሚሎዋን ቬነስ፣ ያቺን እጅ የሌላትን፣ መጀመሪያ ያየኋት ከኋላ ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ያላት የእብነ በረድ ሴት ናት። ከፊት ለፊቷ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳ ሕዝብ ተገፋፍቶ ቆሟል፤ ከኋላዋ ግን የነበርነው እኔና አንድ ያንቀላፋ ጠባቂ ብቻ ነን። ጀርባዋ እንደ ፊቷ አልተለፋበትም፤ ቀራጺው ከግድግዳ ጋር እንደምትቆም አስቦ ይሁን፣ በቸልታ ያለፈው ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላያት ሰው ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ድንጋይ አልወጣችም፤ ዋና አካሏ ሁለት ድንጋይ ሆኖ ዳሌዋ ላይ የተጋጠመ ነው፤ መጋጠሚያውን የተጠቀለለው ልብሷ እጥፋት ደብቆታል። በጆሮዋ ላይ ደግሞ የጉትቻ ቀዳዳ አለ። አዎ፣ ጉትቻ! እኛ የጠራ ነጭ ውበት እያልን የምንሰግድለት ድንጋይ በዘመኑ የብረት ጌጥ ይደረግለት ነበር።

ታሪኳም ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1820 በሚሎ ደሴት አንድ ገበሬ ድንጋይ ሲቆፍር አገኛት፤ ቁስጥንጥንያ የነበረው የፈረንሳይ አምባሳደር ገዝቶ ለንጉሥ ሉዊ አሥራ ስምንተኛ አበረከታት፤ ንጉሡም በ1821 ለሉቭር ሰጣት። አብሯት በተገኘው የመቆሚያ ቁራጭ ላይ የአንጾኪያው እስክንድሮስ የሚል የቀራጺ ስም ተጽፎ ነበር፤ የዚህ ሰው ዘመን ደግሞ ከፕራክሲቴለስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይዘገያል። በጊዜው ሐውልቷን የፕራክሲቴለስ እጅ ሥራ ለማድረግ የጓጉ ብዙ ነበሩ፤ ያ ቁራጭ ድንጋይም ፓሪስ ከደረሰ በኋላ ጠፋ። እንዴት ጠፋ? እንጃ! እኔ እጃቸውን አላየሁም። ብቻ የሚፈለገውን ስም ያልያዘ ድንጋይ በየሙዚየሙ ዕድሜው አጭር ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ሥዕል። ጣሊያናዊውን ሠዓሊ ቦቲቼሊን ፈጠን ብዬ ነው የማልፈው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። እ.ኤ.አ. በ1485 ገደማ የሣላት፣ በዛጎል ላይ ቆማ ነፋስ ወደ ዳርቻ የሚገፋት ቬነስ ዛሬ በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም አለች። የታሪኩ ሥር የባለቅኔው ሄሲኦድ ነው፤ በእርሱ ትረካ ክሮኖስ የአባቱን የሰማይን ብልት በማጭድ ቆርጦ ባሕር ውስጥ ይጥላል፤ ከዚያ ዙሪያ ከተነሳው አረፋ አፍሮዳይት ትወለዳለች። አስቡት፤ ፍቅር ከአባትና ልጅ ጠብ፣ ከደም ነው የወጣው። ሠዓሊው ደሙን አጥቦ ጽጌረዳ በተነበት። እጆቿም ያንኑ የክኒዶስን አኳኋን ይደግማሉ። ውብ ሥዕል ነው፤ አልክድም። አንገቷ ከልክ በላይ ረዝሞ፣ ግራ ትከሻዋ ወርዶ፣ ሚዛኗን ሊጠብቅ በማይችል አቋቋም ላይ ሆና እንኳ የማትወድቀው በመስመሩ ውበት ብቻ ነው። ሄሲኦድ ያስፈራራን ነገር ግን ከሥዕሉ ውስጥ የለም።

በሥዕል በኩል እኔን የሚያቆመኝ የስፔናዊው የቬላስኬዝ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1647 እስከ 1651 ባለው ጊዜ የተሣለ፣ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም የሚገኝ። ቬነስ ጀርባዋን ሰጥታን ተጋድማለች፤ ልጇ ክንፋሙ ኩፒድ መስተዋት ይዞላታል፤ ፊቷን የምናየው በመስተዋቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱም ደብዝዟል። አፍንጫችሁ ሸራውን እስኪነካ ብትጠጉም አይጠራላችሁም። ቬላስኬዝ የነገሥታትን ፊት አጥርቶ የሚሥል ሰው ነበር፤ ይህችን ፊት ያደበዘዛት ስላቃተው አይደለም። በእኔ ግምት እስኪ እንደልባችሁ እዩ፣ እርሷን ግን አታገኟትም እያለን ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1914 ሜሪ ሪቻርድሰን የተባለች ሴት የሥጋ ቤት መጥረቢያ በልብሷ ደብቃ ወደዚያ አዳራሽ ገባች፤ ሥዕሉን የሸፈነውን መስተዋት ሰብራ የቬነስን ጀርባ ደጋግማ ተረተረችው። ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሚታገሉት አንዷ ነበረች፤ ያደረገችውም የትግሉ መሪ ኤምሊን ፓንክኸርስት መታሰራቸውን በመቃወም ነው። በአፈ ታሪክ እጅግ ቆንጆ የሆነችውን ሴት ሥዕል ያጠፋሁት መንግሥት በዘመናችን እጅግ ቆንጆ ጠባይ ያላቸውን ሴት እያጠፋ ስለሆነ ነው አለች። ስድስት ወር ተፈረደባት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት ጨመረች፤ ወንድ ጎብኚዎች ቀኑን ሙሉ በሥዕሉ ፊት አፋቸውን ከፍተው መቆማቸውን አልወደውም ነበር አለች። ሥዕል ሲቆረጥ ማየት ለእኔ እንደ ሬሳ ነው፤ ድርጊቷን አልደግፍም። ነገር ግን ከክኒዶስ ጀምሮ ስንት ሺህ ገጽ ከጻፈው የጥበብ ሊቅ ይልቅ ይህች ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን አልነካችውም?

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ የእኒያ የታሰሩት ወይዘሮ ልጅ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው የተቀበረችው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት። ለድምፅ መብት ስትታገል የኖረችው፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ስለ አገራችን ጋዜጣ አቋቁማ የጮኸችው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 እዚህ መጥታ በ1960 ያረፈችው ያቺው ሲልቪያ ናት። የተማረችውም ሥዕል ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስኩ፤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ሰዓቴን አያለሁ፣ አትስጉ።

በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኢሊያድ» ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ፓሪስ፣ ከተማውን ሳይሆን የሰው ሚስት ሄለንን ይዞ የመጣውን የትሮይን ልዑል ማለቴ ነው፣ ከሄለን ባል ጋር ሲፋለም ሊሞት ሲል አፍሮዳይት በጭጋግ ሸፍና ከጦር ሜዳ አንስታ መኝታ ቤቱ ታስገባዋለች። ከዚያም ባዝቶ ፈታይ አሮጊት መስላ ሄለንን ልትጠራት ትሄዳለች። ሄለን በአንገቷ ውበትና በሚያበሩት ዓይኖቿ ታውቃትና ትቆጣለች፤ ከወደድሽው አንቺው ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ ትላታለች። ከዚህ በኋላ አፍሮዳይት የምትመልሰውን ስሙ፤ አታስቆጪኝ፣ እስከ ዛሬ ያለ ልክ እንደወደድኩሽ ያለ ልክ እንዳልጠላሽ። ሄለን ፈርታ፣ ልብሷን ተከናንባ፣ ዝም ብላ ተከተለቻት። ይህች የዛጎሏ ልጅ ናት? በሁለት ሴቶች መካከል የተነገረ ጥቂት ስንኝ ነው፤ ፍቅር ሲያስገድድ ምን እንደሚመስል ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥዕል እስካሁን አላየሁም። ይኸው ሆሜር ግን በአምስተኛው መጽሐፍ ዲዮሜድስ የተባለ ሟች ሰው እጇን በጦር ወግቷት እያለቀሰች ወደ እናቷ ስትሮጥ ያሳየናል፤ በሆሜር ትረካ የዜውስ ልጅ እንጂ የአረፋ ልጅ አይደለችምና፤ አባቷ ዜውስም ፈገግ ብሎ የጦርነት ሥራ ያንቺ አይደለም ይላታል። አስፈሪም ናት፣ አስቂኝም ናት። ድንጋይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን አይሆንለትም።

ከሁሉ በላይ ግን ሳፎ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በሌስቦስ ደሴት የኖረች ሴት ባለቅኔ ናት። በጥንት ዘመን የሥራዎቿ ስብስብ ብዙ ጥቅልል ነበር፤ ዛሬ ሙሉ ሆኖ በእርግጠኝነት የሚቆጠርላት አንድ ግጥም ብቻ ነው፤ እርሱም ለአፍሮዳይት የቀረበው። የዳነበትም መንገድ ይገርማል፤ በሮም የኖረው ዲዮናስዮስ የተባለ የንግግር መምህር፣ ለሠመረ የቃላት አሰካክ ምሳሌ ይሆነኛል ብሎ ከነሙሉው በመጽሐፉ ገለበጠው። አንድ መምህር ምሳሌ ባይቸግረው ኖሮ አሁን እጃችን ባዶ ነበር። ሌላ ግጥሟ ደግሞ ከግብፅ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፤ አፍሮዳይትን ከቀርጤስ ወደ አንድ የፖም ዛፍ አጸድ ትጠራታለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ በቅርንጫፎቹ መካከል ያንሾካሽካል፣ ቦታው በጽጌረዳ ጥላ ተከልሏል፣ ከሚርገበገበው ቅጠል እንቅልፍ ይወርዳል፣ በመሠዊያዎቹ ላይ ዕጣን ይጨሳል። የዕጣን ዛፍ በግሪክ አይበቅልም፤ በጥንት ዘመን ዕጣን ወደ ሰሜን የሚጓዘው ከደቡብ ዓረቢያና ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነበር። በዚያ አጸድ ውስጥ የአምላኳ መልክ በአንዲት ቃል እንኳ አልተገለጸም፤ የተገለጸው የምትመጣበት ቦታ ነው።

ወደ ሙሉው ግጥም ልመለስ። ነፍሷን ይማረውና አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በመሬት ሙግት ግን ግማሽ ዕድሜዋን ዳኛ ፊት የቆመች ሴት ነበረች። ይህን ግጥም ከእንግሊዝኛ ትርጉሞች ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ምሽት አነበብኩላት። ጸሎት ነው ብዬ ነበር የጀመርኩላት። ጨርሼ ሳበቃ «ልጄ፣ ይቺ ሴት እየጸለየች አይደለም፤ አቤት እያለች ነው» አለችኝ። ለምን አልኳት። «ቀድሞ የተፈረደላትን ታስታውሳለች፤ ዳኛዋም ማን በደለሽ ብላ ትጠይቃለች፤ ፍርዱንም ትናገራለች። ከዚህ ሌላ ችሎት ምንድን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በኋላ ሳነብ ሊቃውንቱም ይህንኑ ሲሉ አገኘሁ፤ አምላኳ የምትጠይቀው ጥያቄ በእርግጥም የበደልና የፍትሕ ጥያቄ ነው። እነርሱ በብዙ ገጽ የደረሱበትን አክስቴ ቡና እየቆላች ደረሰችበት።

አንድ ነገር ብቻ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ግጥም ውስጥ አፍሮዳይት ትመጣለች፣ ፈገግ ትላለች፣ በትንሹም ታሾፋለች፤ ሳፎ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለምና። ምን እንደለበሰች ወይም እንዳልለበሰች የሚነግረን ግን የለም። ስታነቡት በዓይናችሁ የሚቀረው የሚርገበገብ የድንቢጥ ክንፍ ነው፤ በጆሯችሁ የሚቀረው ድምፅዋ ነው። እስኪ ልብ ብላችሁ ስሙት።

«በኅብረ ቀለም ዙፋን የተቀመጥሽ፣ ሞት የማያውቅሽ አፍሮዳይት፣
የዜውስ ልጅ፣ ተንኮል ሸማኔ፣ እለምንሻለሁ፤
እመቤቴ ሆይ፣ በሐዘንና በጭንቀት ልቤን አትስበሪው።
ይልቅ ወደዚህ ነይ፤ ቀድሞም ድምፄን ከሩቅ ሰምተሽ፣
የአባትሽን የወርቅ ቤት ትተሽ መጥተሽልኝ ከሆነ።
ሠረገላሽን ጠምደሽ፤ የሚያማምሩ ፈጣን ድንቢጦች
ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ በጥቁሯ ምድር ላይ፣
ከሰማይ በአየሩ መካከል አመጡሽ፤ ወዲያውም ደረሱ።
አንቺም፣ ብፅዕት ሆይ፣ በማይሞተው ፊትሽ ፈገግ አልሽና
አሁን ደግሞ ምን አገኘሽ፣ አሁን ደግሞ ለምን ጠራሽኝ፣
ያበደው ልብሽ እንዲሆንልሽ የሚመኘው ምንድን ነው አልሽኝ።
‹አሁን ደግሞ ማንን አባብዬ ወደ ፍቅርሽ ልመልስልሽ?
ሳፎ ሆይ፣ ማን በደለሽ?
ዛሬ ብትሸሽሽ ነገ ትከተልሻለች፤
ስጦታሽን እምቢ ብትል ስጦታ ይዛ ትመጣለች፤
ባትወድሽም፣ ሳትፈልግ እንኳ፣ ትወድሻለች።›
ዛሬም ነይልኝ፤ ከከባዱ ጭንቀት ፍቺኝ፤
ልቤ እንዲሆንለት የጓጓለትን ሁሉ ፈጽሚልኝ፤
አንቺው ራስሽ ከጎኔ ቁመሽ አብረሽኝ ዝመቺ።»

አመሰግናለሁ። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው።